ላፍቶ ያገኘኋቸው አድናቂዎች

ላፍቶ ገና የእርሻ መንደር ሳለ ቤት ተከራይቼ ፒያኖዬን አስገባሁ። ሥራዬ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ጃዝ መጫወት ነበር፤ እዚያ ሰው ጥብሱን ሲበላ እኔን የሚሰማኝ የለም።

በማግስቱ አንድ ዝግ ያለ ዜማ ስለማመድ ጎረቤቶቼ መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ንፍሮ ሳይቀር አመጡልኝ። ስጨርስ አያጨበጭቡም፤ «አይዞህ» ብለውኝ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ አድናቂ አግኝቼ አላውቅምና ያንኑ ዜማ ሦስት ቀን ደጋገምኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ገብተው እጄን ከፒያኖው ላይ ቀስ አድርገው አነሱት።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን አለቀስክ፤ አሁን ይብቃህ። እግዜር ያጥናህ። ለመሆኑ የሞተብህ ማን ነው?»