በሴት እጅ የተገጠመ ማርሚታ

በቢቸና መናኸሪያ የልጅ ልጄ ተራዋን ተቀማች። ሰርቃ አይደለም፣ ሰው ገጭታም አይደለም። የሚኒባሷን ማርሚታ በገዛ እጇ ስለገጠመች ነው። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ የራሱን «በገዛ እጄ ጠገንኩት» እያለ ተሳፋሪ ጭኖ ወጣ። ግፉ ይህ ነው፤ ነገ ማንም «እንዲህ አልነበረም» እንዳይል ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

ልጅቱን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከቢቸና ሞጣ ሰው ታመላልሳለች፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ማለቴ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጭሱን ወደ ኋላ የሚወስደው ቱቦና ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ ዝገው ተበሱ። መኪናዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ስትነሳ ደጄ ድረስ ይሰማኝ ጀመር። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች «እሜቴ ነጎድጓድ መጡ፣ ልብስ አስገቡ!» ይሏታል። እሷም «ልብስ ያለው ያስገባ!» ትላቸዋለች።

ቀልዱ አላስጨነቃትም። አንድ ቀን ግን የኋላውን ወንበር አንስታ፣ አፍንጫዋን ወለሉ ላይ ደፍታ አገኘኋት።

«ምን ጠፋብሽ?»

«እምዬ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ሲያንቀላፉ መንገዱ ያደከማቸው ይመስለኝ ነበር።»

በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው እንደማይነሳ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው አልጫነችም። ማንም ሳይከለክላት ራሷን ከለከለች። ይህም ይጻፍ።

ሌላ ማርሚታ ከደጀን አስመጣች። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ዓይነት ኦርጅናል አይደለም፤ በልኩ የተሠራ ሌላ ነው። የከተማችን ባለጋራዥ «እኔ ያልመረጥኩትን ዕቃ አልገጥምም፤ ነገ ቢያንኳኳ በእኔ ነው የሚላከከው» አላት። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ያመጣውን ጣጣ ተሸከም ማለትም ግፍ ነው።

«እንግዲያ አንቺው ግጠሚው፤ እጅ የለሽም?» አልኳት።

«ቆይ እምዬ። ልችለው እንደሆነ መጀመሪያ ልየው።»

እኔ ብሆን ያኔውኑ መዶሻ አነሳ ነበር። እሷ ጆንያ አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር ገብታ ስታይና ስትለካ ዋለች። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አጋድማ ቀዳዳውን ከቀዳዳ፣ ቅልብሱን ከቅልብስ አስተያየች። አንድም ነገር ሳትነካ ወጣችና እጇን እየጠረገች፦

«በብሎን የሚታሰር ነው፤ ይህን እችላለሁ። መቁረጥና መበየድ ቢኖረው ግን አልሞክረውም፤ ሞጣ ላለው በያጅ እሰጠው ነበር» አለች።

እችላለሁ ባይ ሞልቷል። እዚህ ላይ አቆማለሁ ብሎ አስቀድሞ ድንበር የሚያሰምር ግን በዕድሜዬ እምብዛም አላየሁ።

ሥራውን ስትጀምርም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈች። መኪናውን ያነሳችበትን ክሪክ ብቻውን አላመነችውም፤ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ደረበችበት። የዛጉትን ብሎኖች ዘይት አጠጥታ አሳደረቻቸው። በመጨረሻ ማንጠልጠያው አልገጥም ሲላት «በሽቦ እሰሪው» አልኳት። እሷ የገጠመችውን ሁሉ ፈትታ እንደገና ጀመረች፤ ያኔ ገጠመ።

በሁለቱ ቱቦዎች መጋጠሚያ የምትገባ ስስ ቀለበት አለች፤ እሷ ተሰብራ ተገኘች። እኔ አረቄ ሳወጣ መቃው ከማሰሮው አፍ የሚገባበትን በጭቃና በጭድ እመርጋለሁ፤ እንፋሎቱ ካመለጠ አረቄው ውሃ ነው። ያንኑ ጭቃ አቡክቼ አመጣሁላት።

«እምዬ፣ አረቄ ላወጣ መሰለሽ?» ብላ ሳቀች። «ማሰሮ ባለበት ይቀመጣል። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ጭቃው ደርቆ ይረግፋል።»

ቀለበቷ ከደጀን እስክትመጣ ድረስ ያለ ሥራ ቆመች።

መኪናዋ ድምፅዋን አጥፍታ መናኸሪያ የገባች ቀን ተራ አስከባሪው «ማን ገጠመው?» አላት።

«እኔ።»

«አንቺ?» አለና ወደ ሾፌሮቹ ዞሮ ሳቀ። «ጋራዥ ያልነካውን መኪና አላሰልፍም። የሰው ነፍስ ነው!»

ከፊቷ የነበረው ሰውዬ «የኔን ስሙት፤ በዚህ እጄ ነው ዝም ያሰኘሁት!» እያለ ሲፎክር ግን ጫነና ወጣ። እሷ ባዶዋን ተመለሰች።

በማግስቱ ነጠላዬን አደግድጌ ከእሷ ጋር ሄድኩ። የትናንቱ ሰውዬ ተሳፋሪ ሞልቶ ሞተር አስነስቷል። ከፊቱ ቆሜ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ይህን ቃል የሰማ በእኛ አገር ባለበት ይቆማል፤ ረግጦት ያለፈ ስሙ ይጎድፋል። እሱም እጁን ከመሪው አነሳ።

ተራ አስከባሪው ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ምን ሆኑ? መንገድ ዘጉ እኮ።»

«የሰው ነፍስ ነው ብለሃል፤ እውነትህን ነው። እንግዲያ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መዝን።»

«እኔ መካኒክ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም። ጆሮ ግን አለህ።»

ልጅቱ የራሷን መኪና አስነስታ፣ የረጠበ ወፍራም ጨርቅ የቱቦው ጫፍ ላይ ለአፍታ ያዘች፤ መውጫ ያጣ ጭስ ቀዳዳ ካለ በዚያ ያመልጣል። ሞተሩ ታፈነ፤ ከመኪናው ሥር ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ሰውዬው «የኔንም ያዢው፣ ምን አለበት!» አለ። ያዘችው። ከሥር ፉጨት ተነሳ፤ ጭሱ በተሳፋሪዎቹ እግር ሥር ቡልቅ አለ፤ የተጠበሰ ጭቃም መሬት ላይ ረገፈ። አነሳሁት። ጭዱን አይቼ አወቅሁት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ማን መረገልህ? የአረቄ ባለሙያ እጅ ነው።»

«አማቴ ናቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ስንት መለኪያ ወጣው?» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያንኑ ጭቃ አቡክቼ ነበርና። ተሳፋሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው ወረዱ።

ወደ ተራ አስከባሪው ዞርኩ። «አንድ ነገር መልስልኝ። ትናንት የከለከልካት ማርሚታውን አይተህ ነው ወይስ እጇን?»

«ተራዋ ነው፣ ትጫን» አለና ፊቱን አዞረ።

ተራዋን መለሰ፤ ጥያቄዬን ግን አልመለሰም። ገበያ በወጣሁ ቁጥር በመናኸሪያው በኩል እያለፍኩ «መልሴስ?» እለዋለሁ። «እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይለኛል።

«እምዬ፣ ተይው በቃ፤ ተራዬን አግኝቻለሁ» ትለኛለች ልጅቱ።

«ተራ ሌላ፣ መልስ ሌላ።»

እሷ ቂም አታውቅም። ለዚያ ባለጭቃ ሰውዬ የመጋጠሚያዋን ቀለበት ከደጀን አስመጥታለት፣ ከመኪናው ሥር ገብታ እንዴት እንደምትገባ አሳየችው።

አንድ ጠዋት መናኸሪያው ደርሼ ሳለ ተራ አስከባሪው እናቱን ደግፎ መጣ። ዐይናቸውን ሊታዩ ሞጣ ይሄዳሉ። ከልጅቱ በፊት ተራው የሌላ ሾፌር ነበር፤ ቦታም ነበረው። ያ መኪና ሞልቶ እስኪወጣ እናቱን አስቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ልጅቱ መኪና ወሰዳቸውና በኋላው ወንበር፣ ያኔ ሰው ያንቀላፋ በነበረበት ቦታ አስቀመጣቸው። በሩን ዘጋና እኔ ወደቆምኩበት መጣ።

«እጇን ነበር ያየሁት፣ እማማ» አለኝ።