በሚኪያስ ስም የወጣው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት አያት ባለው ቢሯችን ሩት የምትባል ወጣት ባልደረባዬ ሁለት የኢንተርኔት የሥራ ፕላትፎርሞችን በፕሮግራም ስታገናኝ ቆየችና ቀና ብላ፣ «የፕሮግራሙን የመግቢያ ቁልፍ በማን ስም ላውጣው? ለጊዜው በእርስዎ ይሁን?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እየዘነበ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ በቀላሉ አልፈነው ነበር፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከጓደኛዬ ከሚኪያስ ጋር መገናኛ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራ ነበር። የምንጽፈው የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጠው አንድ ፕላትፎርም ላይ ነው፤ የሥራ ዝርዝራችን ደግሞ ሌላ ላይ። እዚህ የጨረስነውን እዚያ ሄደን በእጃችን መመዝገብ ለእኛ ለሁለት ሰነፎች ትልቅ ግፍ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መስመር፣ በኤፒአይ፣ የሚያገናኛቸው ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ከዚያ ወዲህ እኔ ኮድ ባስገባሁ ቁጥር ሥራው በራሱ «ተጠናቋል» ተብሎ ይመዘገባል፤ የሁለታችንም ስልክ ይጮኻል። ፕሮግራሙ የሚገባበትን የይለፍ ቁልፍ ሚኪያስ ከራሱ አካውንት አወጣና «ለጊዜው በኔ ይሁን፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አለ። እኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚኖር የታወቀ ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ፕሮግራሙ ሆኖ ሳለ፣ አጠገቡ የሚታየው የሚኪያስ ስምና ፈገግ ያለ ፎቶው ሆነ። የዚያን ቀን ደስ ብሎን ከመንገድ ዳር የበቆሎ ጥብስ ገዝተን እየጋጥን በጭቃው ተንሸራተን ወደ ቤት ገባን።

በዓመቱ ክረምት ሚኪያስ ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከርሞ ከእናቱ ከእማማ ዘነበች ጋር ጸበል ሊጠመቅ እንጦጦ ወጣ፤ እዚያው አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሲሄድ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት። ቅዳሜ ዘነበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ አጠብኩ። አንድ ጊዜ ስደውልለት ድምፁ በጣም ደክሞ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ መደወሉንም ፈራሁ።

ደግሞ በየጠዋቱ ኮምፒውተሬን ስከፍት ስሙ አለ። ሚኪያስ መዝግቧል፣ ሚኪያስ አጠናቋል። አለቃችን እንኳ አይተው «ልጁ በርትቷል ማለት ነው» ብለው ደስ አላቸው፤ አላረምኳቸውም። የገዛ እጄ ሥራ መሆኑን እያወቅኩ፣ ፎቶውን ሳይ ሄጄ የጠየቅኩት ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

በሠልስቱ የካ ባለው ቤታቸው ድንኳን ውስጥ እፍኝ ንፍሮ ይዤ ተቀምጬ ሳለ እማማ ዘነበች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ስልኩ በጮኸ ቁጥር ያይ ነበር» አሉኝ። «‹እማዬ፣ ጓደኛዬ ሥራ ላይ ነው፣ ዛሬ አይመጣም› ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩ ዝም ሲል ግን ‹ዛሬ ይመጣል፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ› ይለኝ ነበር፣ ልጄ።»

አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ሰረዝኩት፤ ስሙም ከዚያ በኋላ አልታየም።

ሩት አሁንም መልሴን ትጠብቃለች። በማንም ሰው ስም እንዳይሆን፣ ለፕሮግራሙ የራሱን አካውንት እንድትከፍትለት ነገርኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም የምነግራት አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንጦጦ ወጣሁ። ፓርኩ ከተሠራ ወዲህ መንገዱ አምሯል፣ ቶሎ ይደረሳል። ያኔም ቶሎ ይደረስ ነበር።