ወደ ቤዝመንት የሚያወርዱት ዐሥራ አንድ ደረጃዎች

ጀማነህ በሱዳን በኩል ሲሰደድ ዕቃው አንድ ፌስታል ነበር። ኤርፖርት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት መንገደኛ ከነሻንጣው ካመላለሰ በኋላ ግን፣ ዛሬ ቤት ለሚነቅለው አውሎ ነፋስ፣ ለቶርኔዶ ብቻ ያከማቸው ዕቃ ያኔ አብረውት የተሰደዱትን ሁሉ በወጉ ባሰነቀ ነበር። አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ካለው አሮጌ ቤቱ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ አርባ ስምንት ጠርሙስ ውኃ፣ ስድስት የእጅ ባትሪ፣ በእጅ የሚሽከረከር ሬዲዮ፣ ሁለት የግንበኛ ሄልሜትና አንድ ፊሽካ ተደርድረዋል። ፊሽካው ፍርስራሽ ሥር ሆኖ የሚነፋ ነው።

"የባሕሩ ነፋስ፣ ሀሪኬን እኮ ጨዋ ነው" ይላል፣ ሞርስ ሮድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ። "ስም አለው፤ ከሳምንት በፊት መምጣቱን ያስነግራል። የእኛ የኦሃዮው ቶርኔዶ ስም የለው፣ ቀጠሮ የለው!"

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ሰው ነው፤ ለሚስቱ ለፀሐይወርቅ። የፀሐይወርቅ ቀኝ ጉልበት ከቤዝመንቱ ዐሥራ አንድ ደረጃዎች ጋር ከተኳረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ከተማው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን የሚሞክረው ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ጀማነህም ረቡዕ ረቡዕ ስልኩን ሰዓት አድርጎ ሚስቱን ደረጃ ያለማምዳል። መጀመሪያ ሰሞን አራት ደቂቃ ፈጀባት። በደረጃው በሌላኛው ወገን መደገፊያ ብረት ገጠመላት፤ ሦስት ሆነ። ለፋሲካ ሰሞን ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሴኮንድ ገባች፤ ሪከርድ እንደሰበረች ሯጭ ጨበጣት።

"አሠልጣኜ" አለችው፣ ታች ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች፣ "መውጣቱንስ ማን ያሠለጥነኛል?"

ነገሩን ያበላሸው ጉራው ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ለተሰበሰበው ሁሉ፣ "እዚያ ዋይትሆል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅላችሁ ምን ልትሆኑ ነው? የክፉ ቀን ወደ እኔ! ቤዝመንቴ አገር ይይዛል" ብሎ ነበር።

አገሩ መጣ። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ "ተጠንቀቁ" እያለ ሲንጫጫ፣ መጋዘን የሚሠራው አብዱረዛቅ ሚስቱን ፍርዶስንና አራት ልጆቹን ይዞ ደረሰ፤ ከኋላው የዋይትሆሉ ሕንጻ ጎረቤት ሁሉ ተከተለ። ዐሥራ ዘጠኝ ነፍስ! አንደኛው ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቅፏል።

"ጋሼ፣ በዛን መሰለኝ" አለ አብዱረዛቅ።

"ኧረ ግቡ፣ ግቡ!" አለ ጀማነህ፣ በሆዱ አርባ ስምንቱን ጠርሙስ ለዐሥራ ዘጠኝ እያካፈለ።

ፀሐይወርቅ እንግዳ ልትቀበል ወረደች፤ ትራስ ልታመጣ ወጣች፤ ይዛ ወረደች፤ ብርጭቆ ብላ ወጣች፤ ይዛ ወረደች። ጀማነህ በየደረጃው አብሮ ይሳቀቃል።

"ፀሐይ፣ በቃ ተቀመጪ!"

"ሰው ቤቴ መጥቶ በጠርሙስ ውኃና በብስኩት ሸኘችው ልባል? የጣድኩትን ምስር ላውጣ" ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች።

ሳይረኑ ያኔ ጮኸ። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ አይደለም።

"ፀሐይ!" አለ ጀማነህ ከደረጃው ግርጌ።

"መጣሁ!"

አንድ ደቂቃ ሄደ።

"ፀሐይወርቅ!"

"መጣሁ አልኩህ እኮ!"

"መጣሁ" ያለ ሰው ገና ከመቀመጫው እንዳልተነሣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጀማነህ ፊሽካውን ነፋ። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ለፀሐይወርቅ የተገዛውን ሄልሜት ያጠለቀችው የፍርዶስ ትንሿ ልጅ፣ "ኢዝ ሺ ኮሚንግ?" ብላ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀችው። የጀማነህን ሄልሜት ባለ ቴሌቪዥኑ ለቴሌቪዥኑ አልብሶታል።

ወጣ። ጀማነህ በኩሽናው መስኮት ሲያይ ሰማዩ እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ ሆኗል። ፀሐይወርቅ ምድጃውን አጥፍታ፣ ትሪውን አሰናድታ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

"ምስሩ ደርሷል፤ ውሰድላቸው።"

"አንቺስ?"

ጉልበቷን በዓይኗ አሳየችው። "ስንቴ ወጣሁ፣ ስንቴ ወረድኩ። አሁን ቆልፏል።"

"አብዱረዛቅን ልጥራ—"

"እንዳታደርገው! በሰው ፊት እንደ ሶፋ ተሸክማችሁ ልታወርዱኝ?"

ራሱ ሊያነሣት ጎንበስ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ሻንጣ ያነሣው ወገቡ ቋ አለ፤ መልሶ አስቀመጣት። የመጀመሪያው በረዶ ጣሪያውን መታ።

"ምስሩ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ትሪውን ይዞ ወረደ። አብዱረዛቅ ተቀበለውና፣ "እትዬስ?" ሲለው፣ ጀማነህ "መጣች" ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ከላይኛው ቤት መስኮት የሌለው ቦታ የኮሪደሩ የልብስ ማስቀመጫ፣ ክሎዜቱ ብቻ ነው። ከነዱካዋ እየጎተተ አስገባት፤ ከካፖርቶቹ መሐል አስቀመጣት፤ ድስት አምጥቶ ራሷ ላይ ደፋላት።

"የሽሮው ነው?"

"ታጥቧል።"

"ያንተስ?"

የፓስታ ማጥለያውን ራሱ ላይ አደረገ።

"ይሄ እኮ ቀዳዳ ብቻ ነው።"

"አየር ያስገባል።"

መብራት ጠፋ። ስድስቱም ባትሪ ታች ነው። ቤቱ ከመሠረቱ ማቃሰት ሲጀምር ጀማነህ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ያንን የታመመ ጉልበት በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ እሱን አጥብቆ ከያዘ ጣሪያውም የሚቆም ይመስል።

ከታች የአብዱረዛቅ ድምፅ በነፋሱ መሐል ተሰማ። "ጋሼ! እትዬ! ኑ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?"

"መጣን!" አለች ፀሐይወርቅ፤ እጇን ዘርግታም የክሎዜቱን በር ከውስጥ ሳበችው።