ስንናገር የሚነቃው ሣጥን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲመዘን ምን ያህል ይሆናል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፍኖተ ሰላም ላይ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ላቀው ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ። ከራሱ አእምሮ አፍልቆ የሠራው ነገር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ሣጥን።

ላቀው የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። በጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ሰባት ዓመት አገልግሎ ሲሰናበት፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። ሰው ሬዲዮውን ይሰጠው ነበር እንጂ አያምነውም። ወታደር የነበረ፣ ሽቦ የሚያውቅ፣ ከደንበኛ ጋር ብዙ የማያወራ ሰው እንዴት ይታመናል? ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ አስተምር የነበርኩት እኔ እንኳ «ይህን ሁሉ ትራንዚስተር ከየት ያመጣዋል?» እያልኩ ጠርጥሬዋለሁ። ከተሰበሩ ሬዲዮዎች እየነቀለ እንደሚያጠራቅም ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምሩ የነበሩት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ጆሯቸው ደከመ። ቅኔ ቤት ደግሞ ያለ ጆሮ አይሆንም። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምተው ያርማሉ፤ በወረቀት የሚታይ ነገር የለም። የኔታ የተበላሸውን ሁሉ «መልካም» ማለት ሲጀምሩ ተማሪዎቹ ተጠቃቀሱ። አንዳንዶቹም ሌላ መምህር ፍለጋ ሊሄዱ ስንቃቸውን ቋጠሩ። የኔታ መስማት ካልቻሉ ወንበራቸው ባዶ ሊቀር ነው።

ላቀው በልጅነቱ አንድ ዓመት ከእሳቸው ዘንድ ቅኔ ተምሮ ስለነበር ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን ሠራላቸው። የመጀመሪያው ሣጥን በሦስት ቀን የባትሪ ድንጋዩን ጨረሰ። ድንጋይ ደግሞ ከገበያ ሲጠፋ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያስኬዳል። ላቀው ቅኔ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አስተዋለ፤ ለካ ሣጥኑ ድንጋዩን የሚጨርሰው በአብዛኛው ዝምታን ሲያጎላ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል፣ እጅግ ጥቂት ኃይል የሚበቃው፣ ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠባበቃል፤ ድምፅ ሲመጣ የሚያጎላውን ክፍል ይቀሰቅሰዋል። ነገር ግን ነፋሱ የዛፉን ቅጠል ባንሿሿ ቁጥር ሣጥኑ በከንቱ ይነቃ ጀመር። ነፋስ አንድ ወጥ ድምፅ አለው፤ የሰው ንግግር ይነሣል፣ ይወድቃል፣ በየቃሉ መካከል ይቆረጣል። ላቀው ይህችን ልዩነት የሚያውቅ ሰርኪዩት አራት ወር ሙሉ ሲበይድና ሲያፈርስ ቆየ። የትኛውን ሰምቶ የትኛውን መተው እንደሚገባ መለየት ስንቱን ሊቅ ያቃተ ነገር ነው። እሱ ከአሮጌ ትራንዚስተሮች ጋር ታግሎ አገኘው፤ አንድ ጥንድ ድንጋይም ሁለት ወር አገለገለ።

የኔታ ሣጥኑን አንገታቸው ላይ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ባጠለቁ ዕለት አንዱን ተማሪ አስቁመው «ያችን ቃል ድገማት እስቲ፤ ታነክሳለች» አሉት። ስንቅ የቋጠሩት መልሰው ፈቱ።

ከዚያ 1960 ዓ.ም. ገባ። አዲስ የእርሻ ግብር መጣ፣ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው ተባለ። በፈረስ ቤት በኩል ሰው ጫካ ገባ የሚል ወሬ ተሰማ። ሰው ሰላምታውን እንኳ እየመረጠ የሚሰጥበት ጊዜ ሆነ። አንድ እሑድ ከላቀው ጋር ወደ ደብሩ ሄጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠን፣ የደብሩ ትልቅ ገበሬ አያ ይርሳው ስለ ግብር ገማቾቹ ጨዋታ ጀመሩ። ከየኔታ ጆሮ ላይ ማዳመጫው ላላ ብሎ ኖሮ ሣጥኑ ቀጭን ፉጨት አሰማ። አያ ይርሳው ዝም አሉ። ፉጨቱም ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ሲናገሩ እንደገና ተነሣ።

«አንቱ የኔታ፣ ምን ይዘውብን መጡ?»

«ጆሮዬን ነዋ።»

«ጆሮስ እኔም አለኝ። የኔው አያፏጭም።»

ጠላ ትቀዳ የነበረችው ወይዘሮ ዓባይነሽ «የእርስዎስ ቢያፏጭ ደግ ነበር፤ ሚስትዎ ስትጠራዎት መስማትዎን እናውቅ ነበር» አለች። ተሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ላቀው ሊያስረዳ ተነሣ። ነገሩን ያበላሸው ይሄው ነው።

«ሰው ሲናገር ብቻ ነው የሚነቃው፤ ዝም ሲባል ይተኛል። ድንጋይ እንዳይጨርስ ብዬ ነው።»

አያ ይርሳው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያ ሰው መናገሩን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ አያ።»

«ነፋሱንስ?»

«ይተወዋል።»

«ወንዙንስ?»

«ወንዙንም ይተወዋል።»

«የኛን ወሬ ብቻ መርጦ። ለማን ሊነግርልን ነው፣ ልጄ?»

ሞኞች አልነበሩም። ድምፅ ያለ ሽቦ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሬዲዮ ሰምተዋል፤ ያለ ሽቦ ወደዚያ እንደማይሄድ ማን ያረጋግጥላቸው? ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተማከሩና ለየኔታ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ወይ ሣጥኑ ወይ ወንበሩ። የኔታ ሣጥኑን ከአንገታቸው አውልቀው ላቀው መዳፍ ላይ አኖሩት። ወንበሩም ቢሆን አልቆየላቸውም፤ በዚያው ክረምት ተማሪዎቹ ተበተኑ። ላቀው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ተዛውሮ ሬዲዮ ሲጠግን አረጀ። ሁለተኛ ሣጥን አልሠራም።

ያን ዕለት ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ለምኖ ነበር። ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ በተቀመጥንበት ዙሪያ ዞረ።

«እኔን አትመኑኝ፣ ግድ የለም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው በጆሮው አድርጎ ይስማው፤ እሱ የሚላችሁን እመኑ።»

አያ ይርሳው ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ፊት ቆመ። የመንግሥት አስተማሪ ነበርኩ፤ ብቀበለው ምን እንደምባል አሰብኩና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቀጥሎ ወደ ተቀመጠው ሰው አለፈ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለው። እሱም አልተቀበለውም።