የጋሽ ስጦታው ቤዝ እና የእኔ ሊማ

በደርግ ጊዜ መተማ ኪነት ቡድን ስገባ ከሬዲዮ ጥገና ሌላ ሙያ አልነበረኝም። የተቀጠርኩት ጄኔሬተሩንና አምፕሊፋየሩን እንድይዝ ነው። ኃላፊያችን ጓድ አየለ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ስሜን ሳልጨርስ፣ አንድ አሮጌ ቤዝ ጊታር አሳቀፈኝ።

«ሲመታ ዝዝ ይላል። ቅዳሜ ሽንፋ ላይ ለጥጥ ለቃሚዎች እናሳያለን። እስከዚያ ካልተስተካከለ ጥፋቱ የተጫዋቹ ነው፤ ሽማግሌውን አሰናብቼ ከለቃሚዎቹ ጋር እቀላቅለዋለሁ» አለኝ።

ሽማግሌው ጋሽ ስጦታው ናቸው። ጎንደር ይሠሩበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ ቤዙን ይዘው ቆላ ወረዱ። «ከዚህ ጊታር ጋር የቆየሁትን ያህል ከሚስቴም ጋር አልቆየሁ» ይሉ ነበር።

በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተሰኩ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ፍሬት ይባላሉ። ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት እየነካ ነበር የሚጮኸው። ለእኔ ነገሩ ቀላል ሆነ፤ ብረቱ ከፍ ብሏል፣ ይሞረዳል። ጋሽ ስጦታው ምሳ ሲሄዱ ሊማዬን አውጥቼ በቀጭኑ ክር በኩል ሞረድኩት። ዝዝታው ጠፋ። ያንኑ ፍሬት ተጭኜ ስመታው ግን ክሩ ሁለተኛው ላይ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ባሰበት። ጓድ አየለ አጨብጭቦ አስቆመን።

«ጣትዎ አርጅቷል፣ ጓድ ስጦታው።»

ጋሽ ስጦታው ጣታቸውን አዩ። እኔ መሞረዴን አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ጠዋት ለመድረክ እንጨት ልቆርጥ መጥረቢያዬን ከባልዲ ሳወጣ ጋሽ ስጦታው ቤዙን ይዘው መጡ። መተማ በበጋ እጀታው ደርቆ ብረቱ ስለሚወልቅ ሁሉም ሰው መጥረቢያውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳድራል።

«ጋሽዬ፣ የትናንቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እኔ ሞርጄው ነው» አልኳቸው።

ፍሬቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ስንቱን?»

«አንዱን፣ ጫፉን ብቻ።»

«እሰይ! ጨርሰህ አልበላኸኝም።»

«ጎንደር ሳሉ ይጮህ ነበር?»

«አንድም ቀን! እዚህ በጋው ሲገባ ነው የጀመረው።»

እጄ ላይ ያለውን መጥረቢያ አየሁ። የጊታሩም አንገት እንጨት ነው። ቤዙን አንስቼ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከጫፍ አየሁት፤ ደርቆ ወደ ኋላ ጎብጧል።

«በውስጡ አንገቱን የሚያቀና የብረት ዘንግ አለ ይላሉ። እኔ ፈርቼ ነክቼው አላውቅም» አሉ።

የጊታሩ ጭንቅላት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ከሥሯ የዘንጉ ማጥበቂያ ዳዶ ነበር። በጄኔሬተሩ ትንሽ መፍቻ ሩብ ዙር አላላሁት። ክሩን ቃኝተን አንገቱን ወደ ፊት እስኪስበው ጠበቅን፤ ደግሞ ትንሽ አላላሁት። ከሞረድኩት ቦታ በቀር ሁሉም ጠራ።

ለጓድ አየለ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። «እንግዲያው ሽንፋ ላይ ከጮኸ ጥጥ የምትለቅመው አንተ ነህ» አለኝ።

ሽንፋ ላይ የሞረድኩት ፍሬት የሚነካበት ዘፈን ደረሰ። ጋሽ ስጦታው እጃቸውን በአንገቱ ላይ ዝቅ አድርገው ያንኑ ድምፅ ከጎን ካለው ክር አወጡትና በዓይናቸው ጠቀሱኝ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ያንን ቦታ ዳግመኛ አልነኩትም፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገሩም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ዳዶ ላይ ቢሳሳቱ ይመለሳል፣ ሊማ የወሰደው አይመለስም። ካበላሻችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ከመወቀሱ በፊት ተናገሩ፤ እኔ አንድ ቀን ዘግይቻለሁ።