የትሕትና ማዘያ

ትሕትና የገዛ ልጇን ይዛ ከግቢ ለመውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት ያወቀችው ሕፃኗ ያኤል ሁለት ወር በሞላት ቀን ነው። ሀና ማርያም ሰፈር የምትኖረው እናቷ የልጅ ልጄን አሳዪኝ ብላ ስለለመነቻት ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው ፈየራ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አንቺ መውጣት ትችያለሽ። ሕፃኗ ግን ያለ እትዬ አስቴር ትእዛዝ አትወጣም ተብያለሁ፤ ይቅር በይኝ እህቴ» አላት። እሱስ ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው። ሕፃኗን እንደታቀፈች ተመለሰች፤ ያ መመለሷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ወይዘሮ አስቴር የባሏ የኤልያቄም እናት ናቸው። ጎፋ ላይ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ፣ ከሥሩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ከጀርባው ደግሞ ሰፊ ግቢ አላቸው። ይህን ሁሉ ያፈሩት ባላቸው ሞቶባቸው በገዛ ላባቸው ነው፤ ማንም አይክዳቸውም። ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ላቡን ያፈሰሰ ሁሉ የሰው ልጅ ይወስዳል እንዴ? ልጃቸውን የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ አደረጉት። ሙሽሮቹን ከግቢያቸው ሰርቪስ ቤት አስገቧቸው፣ ትሕትናን ከልብስ ስፌት ሥራዋ አስወጧት። ለያኤል የእናቷ ጡት አይበቃትም ብለው የጣሳ ወተት አስመጡ፤ ሞግዚትም ቀጠሩ። የሞግዚቷ አልጋ የተዘረጋው ዋናው ቤት ውስጥ፣ ከእሳቸው መኝታ ክፍል አጠገብ ነው።

ትሕትና ስሞታ ስታሰማ ኤልያቄም ስልኩን እየነካካ፣ «እማዬ ናት እኮ፣ አስባልን ነው» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጢም አለው። እናቱ ፊት ሲቆም ግን ያ ጢም የት እንደሚገባ እንጃ።

ያኤል ቤተ ክርስቲያን የምትባረክበት እሑድ ሦስት ቀን ሲቀረው ወይዘሮዋ ምራታቸውን ሳሎን ጠሯት። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲባረክ አሳዳጊው መድረክ ላይ ወጥቶ ሕፃኑን ለፓስተሩ ያስረክባል። ፓስተሩ ታቅፎ ይጸልይና ለሰጠው ሰው መልሶ ያስታቅፋል፤ ያም ሰው አሳድጋለሁ ብሎ በጉባኤው ፊት ቃል ይገባል።

«የማስረክባት እኔ ነኝ፤ ለፓስተር ሉቃስ ነግሬዋለሁ» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው የምታድረው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ።»

ሌላ ትወልጃለሽ! ያለቀ ጫማ ይመስል። የትሕትና ደም ፈላ።

ወይዘሮዋ ግን ልብም አላሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወሩትን ታሪካቸውን ቀጠሉ። ኤልያቄም ሕፃን ሳለ የሟቹ ዘመዶች፣ አንቺ ድሃ ነሽ ብለው ልጁን ሊወስዱባቸው መጥተው ነበር። እሳቸው ልጃቸውን አጥብቀው አዝለው መድረክ ላይ ወጡ። ለፓስተሩ እንኳ አላወርድም ብለው እንዳዘሉት አስባረኩት። «እናት ማለት እንዲህ ናት» ብለው ጨረሱ። ትሕትና ይህን ታሪክ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች። ያን ቀን ግን ከልቧ አዳመጠችው።

ቅዳሜ ብቻዋን ሀና ማርያም ሄደች፤ ብቻዋን ስትሆን ማንም አይከለክላትም። የእናቷን አሮጌ ማዘያ በፌስታል ይዛ ተመለሰች።

እሑድ ወይዘሮ አስቴር ነጭ የአበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መድረኩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሞግዚቷ ግን ሕፃኗን እናቷ ተቀብላት ባዶ እጇን መጣች። ከኋላዋ ትሕትና፣ አማቷ የገዙላትን ውድ ቀሚስ በዚያ ባረጀ ማዘያ ጨምድዳ፣ ያኤልን አዝላ ወጣች።

«አውርጂያት» አሉ ወይዘሮዋ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«አላወርድም፣ እማማ።»

ፓስተሩ ግራ ገብቶት፣ «እህት ትሕትና፣ ምን ተፈጠረ?» አላት።

«እማማ ኤልያቄምን ያስባረኩት እንዲህ አዝለው ነው። ሊወስዱባቸው ስለመጡ ነው ያላወረዱት» አለች። ማይኩ ስላልተዘጋ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። «እኔም ልጄ ልትወሰድብኝ ነው።»

ታሪኩን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም የነገሩት ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው። ሰው ሁሉ የተዘረጋ እጃቸውን አየ። ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ኤልያቄም ከወንበሩ ብድግ አለ፣ እናቱን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ይቀመጥ። ፓስተር ሉቃስ ያኤል እንደታዘለች እጁን ጭኖ ጸለየላትና፣ «ማን ያሳድጋታል?» ብሎ ጠየቀ። ትሕትና «እኔ» አለች።

ወይዘሮ አስቴር የአዳራሹ በር ላይ ደረሱባት።

«በምን ልታሳድጊያት ነው? ምን አለሽና?»

«እርስዎስ ያኔ ምን ነበረዎት?»

ትሕትና ማዘያዋን አጠበቀችና የሀና ማርያም ታክሲ ውስጥ ገባች።