ወደ ውስጥ የተሳበው አዎ

ጋሽ ሀብተወልድ ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ውለው ሲ.ኤም.ሲ ወዳለችው ትንሽ ስቱዲዮአችን ሲመጡ፣ ጃኬታቸው እንኳ የደከመ ይመስላል። እኔ ትንሳኤ በዘፈን ክሊፕ ግርጌ የሚሄደውን ጽሑፍ አስገባለሁ፤ እሳቸው ወደ ስፓኒሽ ይተረጉሙልኛል።

ስፓኒሻቸው የኩባ ነው። አባታቸው በሶማሌ ጦርነት ስለሞቱ በአሥር ዓመታቸው ወደዚያ ተላኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረው፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተምረው ተመለሱ። የካ ላይ የሸንኮራ እርሻ የት ይገኛል? መጋዘን ገቡ። ላዘዛቸው ሁሉ እሺ ይላሉ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያለው ሰው እሳቸውን ቢያይ ተረቱን መልሶ ይወስድ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሊሊሳ የሚባል ወጣት ዘፋኝ መጣ። አንዲት ኮሎምቢያዊት በቲክቶክ ስለጨፈረችለት የስፓኒሽ ጽሑፍ አማረው። አዝማቹ ላይ እሱ «ትመጫለሽ?» እያለ ይጠይቃል፤ አብራው የምትዘፍነው ልጅ በአራዳ አፍ ትመልሳለች። «እንዴታ» ስትል ጋሼ «ክላሮ» አሉኝ። «እናቴን» ስትል «ፖር ሚ ማድሬ፤ እነሱም በእናት ይምላሉ» አሉ። «ይመችህ» ስትል «ዳሌ፤ ይሁን እንደ ማለት ነው» አሉ። በመጨረሻ ልጅቷ ቃል አታወጣም፤ ሁላችንም አዎ ስንል እንደምናደርገው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ጋሼ እዚያ ላይ ቆሙ።

«‹ሲ› ብለሽ እለፊው፤ አዎ ማለት አይደል?» አለኝ ሊሊሳ።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«‹ትንፋሿን ሳበች፤ በአገሯ ይህ አዎ ነው› ተብሎ ይጻፍ።»

«ረዘመ እኮ ጋሼ» አለ ሊሊሳ። «ዘፈን ነው፣ ትምህርት አይደለም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ዮአና የምትባል ልጅ ‹እዚሁ ከእኔ ጋር ቅር› አለችኝ። ከእሷ ጋር ሁልጊዜ በእሷ ቋንቋ ነበር የማወራው። የዚያን ቀን ግን ሳላስበው እንደ እናቴ ትንፋሼን ሳብኩ። እኔ አዎ ብያታለሁ። እሷ የደነገጥኩ መሰላት፤ አልቅሳ ሄደች። አዎ ብያት ስትሄድብኝ እኔም ኮራሁና አልተከተልኳትም። ትንፋሼ በእሷ አገር አዎ እንዳልሆነ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይኸው ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። ዘፈንህን የምትሰማ አንዲት ልጅ የእኛን ልጅ አንድ ቀን ‹ቅር› ትለው ይሆናል። ትወቀው።»

እኔ ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሊሊሳ ስክሪኑን አየና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«በአፍህ በለው፣ ልጄ።»

«አዎ ጋሼ» አለ ሊሊሳ። «ይጻፍ።»